ሥጋችንም የጌታ አደራ ነው
(ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሥጋችን ጤንነት ለመነጋገር ስንነሣ በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት መናዘዝ ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት በጉባኤያችን መካከል ቆማ መሰከረች። የሳምባ ነቀርሳ ይዟት መድኃኒት ጀምራ ነበር። በሁለተኛው ወር ሳሉ ቆመላት፤ ምግብም ይጣፍጣት ጀመር። «ጌታ ስለ ፈወሰኝ ክኒኑን ትቻለሁ» ስትል ሁላችንም እልል አልን። «ሐኪሙን ጠይቀሻል ወይ?» ያላት ከመካከላችን አልተገኘም። ከወራት በኋላ ሳሉ ተመለሰ፤ ታናሽ ልጇም ታመመ።

ታዲያ እምነቷ ስሕተት ነበረን? አይደለም። ፈዋሹ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሁላችንም እናምናለን። የተሳሳትነው መድኃኒቱን ከእርሱ እጅ በመለየታችን ነው። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 እንደምናነበው ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም እንደሚፈውሰው ተስፋ ሰጠው። ነገር ግን ይህን ቃል ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ በለሱ ስለ ምን አስፈለገ? ተስፋውም በለሱም ከአንድ ጌታ ስለ ሆኑ ነው። የጳውሎስ የጉዞ ባልንጀራ ሉቃስም ሐኪም ነበር።

የነቀርሳን ተሐዋስያን ማግኘቱን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። ዛሬ ለተለመደው ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና በአብዛኛው 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ከተሐዋስያኑ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሞቱ በሽተኛው የዳነ ይመስለዋል። ጥቂቶቹ ግን አድፍጠው ይቀራሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ እነዚህ ይነሣሉ፤ መድኃኒቱንም ሊለምዱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታውም በትንፋሽ ወደ ቤተ ሰብና ወደ ጉባኤ ይተላለፋል። ስለዚህ የራሳችንን ሥጋ መጠበቅ ባልንጀራን መውደድም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሳል ለ2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየብን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን አክታችንን እናስመርምር። በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት የነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ በኀፍረት አንደብቀው። የጸሎት ቤታችንን መስኮቶች እንክፈት። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለበሽተኛ ስንጸልይ መድኃኒቱን እንዲፈጽምም እንምከር። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ብንሆን ለሌላው ስንሮጥ የራሳችንን ሕመም ችላ አንበል፤ ኤልያስ እንኳ በደከመ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ ሰጠው።

ያቺ እህት ሕክምናውን እንደ ገና ጀምራ እስከ መጨረሻው ፈጸመች፤ ልጇም ዳነ። በእነዚያ ወራት ከጸሎት በኋላ «ክኒኑን ዋጥሽ ወይ?» እንላት ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመሰክር እልልታችን ካለፈው ይልቅ ደመቀ።

እግዚአብሔር ነፍሳችንንም ሥጋችንንም ይጠብቅ። አሜን።