ቱ ወይስ ኢንግ?

(በመልካ ጀብዱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያደረግነው ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጉዳይ ልናጫውታችሁ መጥተናል። ትንሽነቷን አይታችሁ አትናቋት። እዚሁ መልካ ጀብዱ የተሠራው የኢንዱስትሪ መንደር በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ነገ ከእናንተ አንዱ እዚያ ተቀጥሮ አለቃው «ስቶፕ ቱ ቼክ ዘ ማሽን» ቢለው፥ «ቆም በልና ማሽኑን መርምር» ማለቱ ነው። «ስቶፕ ቼኪንግ ዘ ማሽን» ቢለው ግን «መመርመሩን ተው» ማለቱ ነው። ቃሎቹ ያው ሲሆኑ ትእዛዙ ተገላቢጦሽ ነው፤ ያላስተዋለ ሠራተኛ ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

እንግሊዝኛ አንዱን ግሥ የሌላው ተሳቢ ሲያደርገው በሁለት መልክ ያቀርበዋል። አንደኛው «ቱ»ን ያስቀደመው ኢንፊኒቲቭ፥ ሁለተኛው በ«ኢንግ» የሚጨርሰው ጀረንድ ይባላል። መልኩን የሚመርጠው ፊተኛው ግሥ ነው። ዎንት፥ ሆፕ፥ ዲሳይድና ፕሮሚስ ቱን ይፈልጋሉ፤ ኢንጆይ፥ ፊኒሽና አቮይድ ኢንግን እንጂ ቱን አይቀበሉም። ቢጊን ሁለቱንም ያስተናግዳል።

እኛን የሚያስቸግረን ለምንድን ነው? በአማርኛ «መዋኘት እወዳለሁ»፥ «መዋኘት እፈልጋለሁ»፥ «መዋኘት ጀመርሁ» ስንል «መዋኘት» አይለወጥም። በኦሮምኛም መሄድ «ዴሙ» ነው፤ የሚፈልገውም የሚወደውም ያንኑ «ዴሙ» ይላል። ከዚህ ልማድ የተነሣ «አይ ኢንጆይ ቱ ስዊም» እንላለን፤ መምህሩም በቀይ ቀለም ይሠርዘዋል።

ስሙም ራሱ ወጥመድ አለበት። ቮልፍ ሌስላውን የመሰሉ የውጭ ሊቃውንት የእኛን ቦዝ አንቀጽ፥ «በልቶ»ን፥ «ሄዶ»ን፥ ጀረንድ ብለው ጽፈዋል። የእንግሊዝኛው ጀረንድ ግን ቦዝ አይደለም፤ እንደ ስም የሚያገለግል ነው፤ «መብላት» ቢባል ይቀርበዋል። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ መጨረሻው አይገኝም።

ይሁን እንጂ ቋንቋችን ይህን ልዩነት አያውቀውም የሚሉትን አንቀበላቸውም። «ሲጋራ ማጨስ አቆመ»ና «ሲጋራ ለማጨስ ቆመ» አንድ ናቸውን? ፊተኛው ስቶፕድ ስሞኪንግ፥ ኋለኛው ስቶፕድ ቱ ስሞክ ነው፤ ሥራውን የሠራችው «ለ» ናት። እንደዚሁም «በሩን መቆለፍ አትርሳ» ሲባል በሩ ገና አልተቆለፈም፤ ይህ ሪመምበር ቱ ሎክ ነው። «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ» ሲባል ግን ተቆልፏል፤ ይህ ሪመምበር ሎኪንግ ነው። የተፈጸመውን ከሚፈጸመው የለየችው በመጨረሻ የተቀጠለችው «ፌን» መሆኗን ልብ በሉ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ወደ ድሬ ዳዋ ይዞት የመጣው ፈረንሳይኛም እንደ እኛ በመስተዋድድ ይለያል፤ ማጨስ መተውን በ«ደ»፥ ለማጨስ መቆምን በ«ፑር» ይናገራል።

አንዳንዶች «ኢንግ ላለፈው፥ ቱ ለሚመጣው ነው» ብለው ያስተምራሉ። ለሪመምበርና ለፎርጌት ይበጃል፤ ለሁሉም ግን ሕግ ሊሆን አይችልም። ሰጀስት ስለ ነገ ጉዞ ሲነገር እንኳ ኢንግን ይይዛል። ማኔጅ ደግሞ የተፈጸመ ነገር እየተናገረ ቱን ይይዛል፤ «ሂ ማኔጅድ ቱ ፓስ» ሲባል ሰውየው አልፏል። ስለዚህ ግሡን ለብቻው አትሸምድዱት። ደብተራችሁ ላይ «ኢንጆይ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ኢንጆይ ስዊሚንግ» ብላችሁ ከነባልንጀራው ጻፉት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አንልም። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ጥያቄውን አጣሞ ያነበበ፥ ትምህርቱን ቢያውቀውም መልሱን ይስታል።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። «ሂ ዌንት ኦን ቶኪንግ» እና «ሂ ዌንት ኦን ቱ ቶክ አባውት ዘ ሬልዌይ» የሚሉትን ወደ አማርኛ መልሱልን። ከሁለት አንዱ ሰውየ ሌላ ነገር ሲያወራ ቆይቶ ነው ወደ ባቡሩ የተሻገረው፤ የትኛው እንደ ሆነ ከኋላ ወንበር ካሉት እንጀምር።