«ብሬ እዚያ ውስጥ ነው?»፦ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ምን እናድርግ

በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእስ ከእንጀራውም ከፈትሉም ትንሽ ራቅ ያለ ይመስላል። ሰብሳቢያችን «የዚያን ሰሞኑን ጉድ ንገሪያቸው» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በሒሳብ አያያዝ እንጂ በኮምፒውተር ጥገና አይደለም። ስለዚህ የምነግራችሁ ደንግጬ የተማርኩትን ነው።

ነገሩ የሆነው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ያ ሳምንት ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል ሲወርድ፣ ነጎድጓዱም ሲያጓራ ሰነበተ፤ መብራቱም ሄድ መጣ ሲል ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ዝም። መብራት አያሳይ፣ ድምፅ አያሰማ።

በዚያው ሰዓት እንጀራ እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን ለልጃቸው ትምህርት ቤት ምዝገባ ከቁጠባቸው ሊያወጡ መጡ። «እማማ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሏል፤ ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። ሳጥኑን ትክ ብለው አዩና «ልጄ፣ ብሬ እዚያ ውስጥ ነው?» አሉኝ።

ቶሎ መልስ አጣሁ። ብሩማ ባንክ ነው። ግን የማን ስንት እንደሆነ፣ ማን ስንት ተበድራ ስንት እንደቀራት የሚናገረው መዝገብ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር። ኮፒ አለ እንዳልል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፍላሽ የገለበጥኩት በየካቲት ነው። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፤ አራት ወር። ይህን ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው።

በድንጋጤ አንድ ጥገና ቤት ደወልኩ። ሰውየው ገና ማሽኑን ሳያይ «አምጪው፣ ፎርማት እናደርገዋለን» አለኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እግዜር አተረፈኝና «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩ። ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሳጥኑን እንወቀው። ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን ውስጥ አራት ነገር ብትለዩ ይበቃል። አንደኛው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት አሳንሶ ያከፋፍላል። ሁለተኛው ማዘርቦርድ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ። ሦስተኛው ራም ነው፤ እየሠራን ያለነውን ነገር ለጊዜው ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ግን የያዘውን ይረሳል። አራተኛው ሃርድ ዲስክ ነው። መዝገባችን የሚቀመጠው እዚህ ነው።

ሃርድ ዲስክ እንደ እናቶቻችን ሳንዱቅ ነው። የቤቱ መብራት ስለጠፋ ሳንዱቁ ውስጥ ያለው ነጠላ አይጠፋም። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ሳንዱቁን አውጥቶ ሌላ ቤት መክፈት ይቻላል። እንዲሁ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢል ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊነበብ ይችላል። «አልነሳም» እና «ጠፋ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ለእማማ ወዲያው እመልስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። አንድ የማውቀው ልጅ በስልክ እየመራኝ የሄድኩበትን መንገድ ነው የምነግራችሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ የሚጎዳው ችኮላ ነው። ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማሽኑ ጭራሽ ዝም ነው ወይስ የሆነ ነገር ያሳያል? ጭራሽ ዝም ካለ ኮምፒውተሩን ከመጠርጠር በፊት መብራቱን ጠርጥሩ። የስልክ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ሰኩ፤ ስልኩ ቻርጅ ካደረገ ሶኬቱ ደህና ነው። ቀጥሎ ማከፋፈያውን በዚያው ቻርጀር ሞክሩ። ከዚያ ዩፒኤሱን ዝለሉትና ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩት። የኃይል ገመዱንም ለውጡት፤ የስክሪኑና የሳጥኑ ገመድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሮ መሞከር ይቻላል። ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከገመዱ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ መብራቱን እዩ፤ ለማጽዳት የሚገባ ሰው ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አሁንም ዝም ካለ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉና የሳጥኑን ማብሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከመብራት መመላለስ በኋላ የደነዘዘ ማሽን በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ አለ። በዚህም ካልሆነ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እሱን መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን ማናችሁም እንዳትከፍቱት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚጎዳ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? የስክሪኑን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ አጥብቃችሁ ሰኩ። ስክሪኑ ራሱ መብራት እንዳለው እዩ። ሳጥኑ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለ የሚደጋግም ከሆነ ቁጠሩት፤ የድምፁ ብዛት ለጠጋኙ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ራም ላይ ይሆናል። በበጋ አቧራ ሲገባ ራሙ ከመሰኪያው ጋር በደንብ አይነካካም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ፣ ሳጥኑን በካቻቢቴ ከፍቶ፣ አስቀድሞ የሳጥኑን ብረት በእጅ መንካት፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያበላሽ ነው። ከዚያ ራሙን አውጥቶ ቢጫውን የብረት ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ «ቀጭ» እስኪል መልሶ መሰካት። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ አንዱን ብቻ ሰክቶ መሞከር ነው፤ የተበላሸው ይታወቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጥቶ ዊንዶውስ ግን ካልከፈተስ? ጽሑፉን አንብቡት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ቡት ዲቫይስ አላገኘሁም» የሚል ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ እንዳለ እዩና ንቀሉ፤ ማሽኑ ዊንዶውስን ከፍላሹ ሊፈልግ ሄዶ ይሆናል። ከሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ ግን አትሞክሩ፤ ወዲያው አጥፉ። ዲስኩ እየሞተ ነው ማለት ነው፤ በነካካችሁት ቁጥር የሚተርፈው ይቀንሳል።

የእኛው ማሽን ችግር ምን ነበር? ዩፒኤሱ። ባትሪው ሞቶ ነበር። የዩፒኤስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የእኛ ዕድሜውን ጨርሶ ኖሯል። ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ብሰካው ተነሳ። እልል ልል ስል ሌላ ነገር መጣ፤ ስክሪኑ ላይ «ኤፍ 1 ተጫን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ተጫንኩ፤ ዊንዶውስ ከፈተ፤ ቀኑን ሳየው ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ጃንዋሪ 1 ይላል።

ይህ ለሒሳብ ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቀው እሷ ናት። እሷ ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኛ የምንሠራበት ፒችትሪ ደግሞ የዕለቱን ቀን ከኮምፒውተሩ ነው የሚወስደው። ሳላይ መዝግቤ ቢሆን ኖሮ የሰኔ ገቢያችሁ ማኅበሩ ገና ባልተመሠረተበት ዓመት ሊመዘገብ ይሞክር ነበር። ለኮምፒውተሩ ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7 ነው፤ እሱን አስተካክዬ፣ ባትሪዋንም አስቀይሬ ነው ሥራ የጀመርኩት። የሒሳብ ሥራ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የምታዩት ቀኑን ይሁን።

አሁን ወደ ፎርማት ልመለስ። ፎርማት ማድረግ ሳንዱቁን ባዶ አድርጎ ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። ዊንዶውስ አዲስ ይጫናል፣ ማሽኑም ይፈጥናል፤ የእኛ መዝገብ ግን አብሮ ሊጠረግ ይችላል። ጠጋኙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለእሱ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡ «መጀመሪያ ሰነዱ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ተገልብጦ ከፍቼ ሳላይ ፎርማት እንዳይደረግ» በሉ፤ በወረቀትም ጽፋችሁ አስፈርሙ። አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው የአባላት ስም ዝርዝር የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ። ፊደሉ ስላልተጫነ ነው እንጂ ጽሑፉ አልጠፋም።

ከአገር ውጭ ሆናችሁ ኮምፒውተር ለምትልኩልን ወዳጆቻችንም አንድ አደራ አለኝ። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ከጀርባቸው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አላቸው፤ 115 ወይም 230 ይላል። ከአሜሪካ የሚመጣው 115 ላይ ሆኖ ሊደርሰን ይችላል። እዚህ 220 ቮልት ላይ እንደዚያው ከተሰካ «ቧ» ብሎ ይቃጠላል። ከመላካችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩልን፤ እኛም ከመሰካታችን በፊት እናያለን። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አሁን የሚያስፈልገን ሌላ ኮምፒውተር አይደለም። ያለንን የሚጠብቅ የዩፒኤስ ባትሪና መዝገቡ የሚገለበጥበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ነው። ዋጋው ከኮምፒውተር በጣም ያንሳል፤ የሚያድነው ግን የ4 ወር መዝገብ ነው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ሥራችንን ቀይረናል። ዘወትር ዓርብ ከመውጣቴ በፊት የፒችትሪውን መዝገብ በሁለት ፍላሽ እገለብጣለሁ። አንዱ ቢሮ ይቆለፍበታል፣ ሌላው ሰብሳቢያችን ቤት ያድራል፤ ቢሮው ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል አንዱ እንዲተርፍ። በወሩ መጨረሻ የእያንዳንዷ አባል ቀሪ ሒሳብ በወረቀት ታትሞ በሰብሳቢዋና በገንዘብ ያዧ ተፈርሞ ይቀመጣል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከፍላሹ ላይ አንዱን መዝገብ ከፍተን እናያለን፤ ተገልብጧል ብሎ ማመንና ሲከፈት ማየት አንድ አይደለም። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን እንነቅላለን። ለፍሪጃችሁ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ነው፤ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የቁጠባ ደብተራችሁንና ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ኮምፒውተሩ ባይነሳ፣ ፍላሹም ቢበላሽ፣ በእጃችሁ ያለው ደረሰኝና እኛ ጋ የቀረው ግልባጭ ተገናኝተው መዝገቡን እንደገና ይሠሩታል። ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ግን ይቻላል።

እማማ በማግሥቱ ተመለሱ። ቀሪ ሒሳባቸውን ከኮምፒውተሩ አነበብኩላቸው፤ እሳቸውም ደብተራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። ጎን ለጎን አድርገን ቁጥሩን አስተያየን፤ አንድ ሆነ። ብራቸውን ተቀብለው፣ ቆጥረው፣ መርቀውኝ ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው «እንግዲያውስ እኔም ጋ አለ በይኛ» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ እርስዎም ጋ አለ» አልኳቸው።

 ከሻይ በኋላ የድሮውን ኮምፒውተር ከፍቼ ራሙንና ባትሪዋን አሳያችኋለሁ፤ ላጲስ ይዤ መጥቻለሁ። መንካት የምትፈልጉ ወደ ፊት ቅረቡ።