ሐይቅ መካከል ያለ አገር

(ለድኅረ መሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ሐዋሳ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ደሴት ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በሙሉ ውሃ የከበበው መሬት ነው። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ መጨረሻው ውሃ ነው። ሐይቅ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ገዝቶ የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ሐይቅ ዳር መኖርና ሐይቅ መካከል መኖር አንድ አይደለም። ዳር ያለ ሰው ውሃው ቢቆጣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። መካከል ያለ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል?

እስቲ እንሂድና እንየው። ከሐዋሳ ተነሥተን አዲስ አበባ በሚያደርሰው መንገድ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን፣ ቡልቡላንና አዳሚ ቱሉን እናልፋለን። 110 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ዝዋይ ከተማ እንደርሳለን። ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከከተማዋ አጠገብ የተንጣለለው ውሃ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ኦሮሞዎች ደምበል ይሉታል። በስፋት ከሐዋሳ ሐይቅ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መቂና ቀጣር የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገቡበታል። ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይፈሳል። የእኛ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም።

በዚህ ሐይቅ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ ትርጉሙ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ሌላው ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። የቀሩት ፀዴቻ፣ ፈንድሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከከተማው ወደብ በሞተር ጀልባ የተነሣ ሰው ቱሉ ጉዶ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በመቅዘፊያ ለሚሄድማ ግማሽ ቀን ነው። ነፋስ ከተነሣ ጉዞው የለም።

በእነዚህ ደሴቶች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት ሰዎች ዛይ ይባላሉ። በቁጥር ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው አርሲዎች ላቂ እያሉም ይጠሯቸዋል። አሣ ያጠምዳሉ፣ ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ። ታንኳቸውን የሚሠሩት ውሃ ዳር የሚበቅለውን ቀላል ተክል ቆርጠው፣ አድርቀውና አስረው ነው። ምስማር አይገባበትም። ውሃ ሲጠጣና ሲከብድ ይጣላል፤ ሌላ ይታሰራል።

እናንተ ገበሬዎች ናችሁና አንድ ነገር ልብ በሉ። ደሴት ላይ መሬት አይጨመርም። አባት አንድ ማሳ ቢኖረው፣ ሦስት ልጆች ቢወልድ፣ ማሳው ሦስት ይሆናል። ልጆቹ ሲወልዱ ደግሞ ዘጠኝ። «ወዲያ ማዶ ጫካ መንጥሬ ላርስ» አይባል ነገር፣ ወዲያ ማዶ ውሃ ነው። በዚህ ላይ መሬቱ ተራራ ነው። አፈሩ በዝናብ ከታጠበ ሐይቅ ገባ ማለት ነው፤ ማን ያወጣዋል? ስለዚህ የዛይ አባቶች ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየደረደሩ አረሱት። ስለ እርከን ጥቅም የግብርና ሠራተኛ እስኪነግራቸው አልጠበቁም። አስተማሪያቸው ችግር ነበረ።

ታዲያ እንዲህ ከጠበበ፣ መጀመሪያውኑ ለምን እዚያ ገቡ?

የደሴቱ ካህናትና ሽማግሌዎች እንዲህ ይተርካሉ። በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው መቶ ዓመት ዮዲት የምትባል ንግሥት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ። እስከ ዝዋይ ደርሰው በቱሉ ጉዶ አስቀመጧት። አገር ሰላም ሲሆን ታቦቷ ወደ አክሱም ተመለሰች፤ ከካህናቱ ግን እዚያው የቀሩ ነበሩ፤ የእኛ ወላጆች እነርሱ ናቸው ይላሉ። ደብረ ጽዮን የሚለው ስምም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በጣና ሐይቅ ያለው የጣና ቂርቆስ ገዳምም ታቦቷ በእኛ ዘንድ ተቀምጣለች ብሎ ይተርካል። ዘመኑና ምክንያቱ የተለያየ ነው እንጂ ሁለት ደሴቶች ስለ አንዲት ታቦት ያወራሉ። እኛ ዳኛ አይደለንም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያስረዱናል፤ ሰው እጅግ የሚሳሳለትን ነገር የሚሰውርበት ቦታ ሲፈልግ ወደ ውሃ መካከል ይመለከታል።

አሁን ደግሞ ቋንቋቸው የሚለውን እንስማ። ቋንቋም ይመሰክራል። የዛይ ቋንቋ እንደ አማርኛና እንደ ትግርኛ ሴማዊ ነው። ነገር ግን የቅርብ ዘመዶቹ የአክሱም አካባቢ ቋንቋዎች አይደሉም። የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለንኛና የሐረር ከተማ ሰዎች የሚናገሩት አደርኛ ናቸው። ሐረር የት፣ ዝዋይ የት! የቋንቋ ሊቃውንት ይህን አይተው፣ ድሮ ከሐረር ጀምሮ እስከ ዝዋይና እስከ ስልጤ ድረስ ቋንቋቸው የተዛመደ ሕዝቦች ተያይዘው ይኖሩ ነበር ብለው ያስባሉ። በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦርነት ሆነ። ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ በሰፊው ወደነዚህ አገሮች ገባ። መካከል ላይ የነበሩት ከአዲሱ ሕዝብ ጋር ተቀላቀሉ፣ ቋንቋቸውንም ለወጡ። ጫፍና ጫፍ የነበሩት ቀሩ። ሐረርን የግንቡ አጥር ጠበቃት። ዛይን የጠበቃቸው ውሃው ነው።

እንግዲህ የካህናቱ ታሪክ ከሰሜን መጣን ይላል፣ ቋንቋው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይጠቁማል። ማን ዋሸ? ማንም ላይዋሽ ይችላል። ደሴት መሸሸጊያ ነውና የሚመጣው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ አገር አይመጣም። ዛይዎች ራሳቸውም አባቶቻችን በተለያየ ጊዜ እየተከታተሉ ነው የገቡት ይላሉ። ይህ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ እውነት ይመስለናል።

ደሴቱ የጠበቀው ሰውን ብቻ አይደለም። በቱሉ ጉዶ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት አሉ። ብራና ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ የሚዘጋጅ ነው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለመጻፍ የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚያስፈልግ አስቡት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በየብስ ላይ ሲሆን ጠላቱ ብዙ ነው። ጦር ይመጣል፣ ቤት ይቃጠላል፣ መጽሐፍም አብሮ ይነዳል። ውሃ መካከል ሲሆን ግን ጦረኛው ታንኳ ከሌለው ዳር ቆሞ ማየት ነው። በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አስከሬንና ብዙ መጻሕፍት የኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በወሎ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስም ድሮ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል።

ዛይዎች ከደሴቱ በብዛት መውጣት የጀመሩት ከ1878 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከአርሲዎች ጋር አንዳንዴ ይገበያያሉ፣ አንዳንዴ ይጣላሉ፤ ዳር ወጥቶ ማደር ግን ያሰጋ ነበር። በዚያ ዓመት የምኒልክ ጦር አርሲን በኃይል ያዘ። ይህ ዘመቻ በአርሲ ሕዝብ ላይ ብዙ ዕልቂት ያደረሰ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለደሴተኞቹ መንገድ የከፈተው ነገር ለጎረቤቶቻቸው ሐዘን ነበር። ከዚያ በኋላ ዛይዎች ጥቂት በጥቂት ወደ ሐይቁ ዳርቻ እየወጡ መሬት ያዙ፣ ጎጆ ቀለሱ፣ ኦሮምኛ ለመዱ፣ ተጋቡ። ዛሬ ዳር የሚኖረው ዛይ ደሴት ላይ ከቀረው ይበልጣል።

ወደ ደቡብ በአባያ ሐይቅ ውስጥም ጊዲቾ የሚባል ደሴት አለ። ባይሶና ሐሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ይኖሩበታል። የባይሶ ቋንቋ ኩሻዊ ነው፤ የሐሮ ደግሞ ኦሞአዊ። አንድ ትንሽ ደሴት፣ ሁለት ቋንቋ! ዙሪያቸው ደግሞ አዞና ጉማሬ ነው። ስለ እነርሱ ብቻ ሌላ ቀን ብንነጋገር ይሻላል።

አንዳንድ ሰው፣ «አሁን ጦርነቱ ከቆመ፣ መንገድ ከተከፈተ፣ ለምን ሁሉም ጠቅልለው አይወጡም?» ይላል። ይህን ጥያቄ በሌላ ዓለም ያሉ ደሴተኞችም ተጠይቀዋል። መልሳቸው አንድ አልሆነም። በስኮትላንድ ምዕራብ በባሕር ውስጥ ሴንት ኪልዳ የምትባል ደሴት አለች። ሰዎቿ ከገደል ላይ የባሕር ወፍ እየያዙ ይበሉ ነበር። ወጣቶቹ እየወጡ ሄደው በመጨረሻ 36 ሰዎች ብቻ ቀሩ። ጀልባ የሚቀዝፍ፣ ገደል የሚወጣ ጉልበት ጠፋ። ስለዚህ አውጡን ብለው ራሳቸው ለመንግሥት ጻፉና እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1930 ደሴቷን ለቀቁ። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያለችው የትሪስታን ዳ ኩና ሰዎች ደግሞ ሌላ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1961 መሬቱ እሳተ ገሞራ ስለተፋ 260 ያህሉም ሰዎች በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ቤት ተሰጣቸው፣ ሥራም አገኙ። እነርሱ ግን መልሱን አሉ። እሳቱ ሲበርድ እ.ኤ.አ. በ1963 አብዛኞቹ ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። ዛሬም እዚያው አሉ።

እኛን የሚያሳስበን ቱሉ ጉዶ ከሁለቱ የትኛዋን እንደምትመስል ነው። ደሴት የሚሞተው ሽማግሌዎቹ ሲያልቁ አይደለም፤ ወጣቶቹ ሲሄዱ ነው። ወጣቱ ደግሞ የሚሄድበት ምክንያት አለው። ማሳው ጠባብ ነው። ሕክምናና ከፍ ያለ ትምህርት ዳር ነው ያለው። ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም። በዳርቻው ብዙ የመስኖና የአበባ እርሻ ተስፋፍቶ ውሃው በሞተር ይሳባል። አሣውም አጥማጁ በዝቶበታል። በጣና ያስቸገረው እምቦጭ የሚባለው አረም ዝዋይም ገብቷል። ዘጠኝ ሜትር ጥልቀት ላለው ሐይቅ እያንዳንዱ ሜትር ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፊደል ነገር እንመለስ፤ ለእናንተ ይህን ታሪክ የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ ይማር ተብሎ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ቋንቋዎቹ እየተጨመሩ 15 ደረሱ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ሲዳምኛ ነበረበት። ወላይትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ ነበሩበት። የዛይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ስልጥኛም ነበረበት። የዛይ ቋንቋ አልነበረበትም። የተናጋሪው ቁጥር ጥቂት ነውና ማንም አያስደንቀውም።

ነገሩን ግን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ያ ሕዝብ በጦርነት ዘመን መጽሐፍ ይዞ ወደ ውሃ የገባ፣ ስንት መቶ ዓመት መጽሐፍ ሲጠብቅ የኖረ ነው። የጠበቃቸው መጻሕፍት ግን በግዕዝ የተጻፉ ናቸው። እናት ልጇን የምታባብልበት፣ አጥማጅ ከአጥማጅ የሚጠራራበት ቋንቋ በእነዚያ ብራናዎች ላይ የለም። ዛሬም ልጁ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የሚሰማው ግዕዝ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄድ በላቲን ፊደል ኦሮምኛ ይማራል። ገበያ ሲወጣ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል። ዛይኛ የሚቀረው ለቤት ነው፤ ዳር ከወጡት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ደግሞ ኦሮምኛ ገብቷል።

ይህን ነገር ስናወራ አንድ አባት፣ «ታዲያ በቋንቋቸው የተጻፈ ምንም የለም?» ሲሉ ጠየቁን። ደግ ጥያቄ ነው። አለ። ቮልፍ ሌስላው የሚባሉ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዝዋይ ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያለበት መጽሐፍ አሳትመዋል። ሮኒ ማየር የሚባል ጀርመናዊ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ2005 ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ አውጥቷል። ሁለቱም የተመሰገነ ሥራ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በጀርመንኛ ተጽፏል። ቃሉን ከአፋቸው ለምሁራኑ የሰጡት የሐይቁ ሰዎች መጽሐፉን ገልጠው ለማንበብ መጀመሪያ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱን መማር አለባቸው።