ጎማ፦ ከኢንተርኔት ወይስ ከፓንቸሪያው?

በአረጋውያን ሞዓዶን የተደረገ ንግግር



«የሪቫሃ ሠራተኛ ስለ መኪና ጎማ ምን አገባት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን ለምክር ወደ ቢሮ የምታመጡትን የዕዳ ወረቀት አብረን ስንገላልጥ ብዙ ጊዜ ከመካከሉ መኪና ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እኛ ከለቅሶ የማንቀር ሕዝብ መሆናችን ነው። ዘመዱ አንዱ ነታኒያ፣ አንዱ ቂርያት ማልአኪ፣ አንዱ አፉላ፣ አንዱ ቤር ሼቫ ነው። ስልክ ሲደወል ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ መሄድ ነው። ያ መኪና አምስት ሰው ጭኖ በዝናብ ሲሄድ መሬቱን የሚነካው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያለው ጎማ ካልያዘ ፍሬኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያድንም።

በዚህ አገር ከፔሳሕ በኋላ እስከ ሱኮት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። በጋውን ሙሉ አቧራውና ዘይቱ አስፋልት ላይ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ስግድም የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም ዳገቱን ወጥቶ ማታ ቁልቁለቱን መመለስ አለ። ስለዚህ ጎማ የሚታየው ከዚያ በፊት ነው።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት ያለውን መመርመር ይቀድማል። በጎማው ጥርስ መካከል፣ ከቦዩ በታች፣ ትንሽ ከፍ ያለች እብጠት አለች። ጥርሱ አልቆ ከእብጠቷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል ማለት ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ያ ነው። በቴስትም ይጥላችኋል። ግን የእናንተ ችግር ብዙ ጊዜ ይሄ አይደለም። እናንተ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ገበያ፣ አልፎ አልፎ ወደ ለቅሶ ነው የምትነዱት። ጥርሱ አያልቅም፤ ጎማው ግን ያረጃል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። «ገና አዲስ ነው'ኮ፣ ጥርሱን እይው!» ይሉኛል። ዕድሜውን ጎኑ ላይ አንብቡት። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ሦስት ፊደላት ጀምሮ የሚሄደው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሚሽለን የተባለው ጎማ ሠሪ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራል።

ዕብራይስጥ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እዚህ ላይ አትፍሩ። ጎማ ዕብራይስጥ አይናገርም፣ ቁጥር ነው የሚናገረው። ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ቪ ይላል እንበል። 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተፈቀደለት ነው። እንደዚያ የሚነዳ ከመካከላችሁ የለም፣ ግን ከተጻፈው በታች የሆነ አትግዙ። የመኪናችሁ ጎማ ልክ ሪሽዮን ሬኬቩ ላይም ተጽፏል። ከሁሉ በፊት ያንን ወረቀት ያዙ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ።

በኢንተርኔት የሚገዛው እንዲህ ነው። የጎማውን ልክ ታስገባላችሁ፣ ብዙ ዓይነት ከነዋጋው ይዘረዘራል፣ በካርድ ይከፈላል። አንዳንዱ ሻጭ ከፓንቸሪያዎች ጋር ይሠራል፤ እናንተ ቅርብ የሆነውን ትመርጣላችሁ፣ ጎማው እዚያ ይላካል፣ በቀጠሮ ሄዳችሁ ታስገጥማላችሁ። አንዳንዱ ግን ጎማውን ብቻ ደጃችሁ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ አባት፣ እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ የልጅ ልጃቸው ርካሽ አግኝቶ አራት ጎማ አዘዘላቸው። ጎማው መጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ወጣ። ፓንቸሪያው ግን «ከእኔ ያልተገዛ ከሆነ መግጠሚያው በእያንዳንዱ ጎማ ይከፈላል» አለ። በዚያ ላይ የታዘዘው 205 ሲሆን ሪሽዮኑ ላይ ያለው 195 ነው። ልጁ ክፋት የለውም፤ ወረቀቱን አላየም፣ የመኪናውን ስም ብቻ ነው ያስገባው።

እስቲ ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እናስላው። በኢንተርኔት አንዱ ጎማ 280 ሼቄል ነው እንበል፤ አራቱ 1,120 ይሆናል። መግጠሚያና ኢዙን ለእያንዳንዱ 40 ቢሆን 160 ይጨመራል፤ ጠቅላላ 1,280። ሰፈራችሁ ያለው ፓንቸሪያ ሁሉንም ጨምሮ በ320 ከሸጠላችሁ እሱም 1,280 ነው። ርካሽ የመሰለው ርካሽ አልሆነም። አንዳንዴ ግን ልዩነቱ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ መጠየቅ ነው።

መጠየቁ ላይ ነው እኛን የሚያስቸግረን። ይሉኝታ አለብን። ሰውየው መኪናውን ክሪክ ላይ ካወጣው በኋላ ዋጋ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፤ «ፊት ለፊት ጎማው ሁሉ አልቋል፣ ኪቩን ፍሮንትም ያስፈልጋል» ሲለንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። አብዛኛው ሰው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ ከቤት በስልክ ጠይቁ። ሦስት ቦታ ደውሉ። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፦ «ካማ ዜ ኦሌ፣ ኮሌል ሃርካቫ፣ ኢዙን ቬማዓም?» ስንት ነው፣ መግጠሚያውን፣ ማመጣጠኑንና ግብሩን ጨምሮ ማለት ነው። ለሸማች የሚነገር ዋጋ ማዓምን ጨምሮ መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው። «ፕሉስ ማዓም» ካላችሁ የመጨረሻውን ቁጥር አስነግሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ «ያለ ሄሽቦኒት ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚል ይኖራል። አይሆንም በሉት። ጎማው ከሁለት ወር በኋላ ቢያብጥ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የጎማው ስም፣ ልኩና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ።

ስለ መብት ትንሽ ልናገር፣ ይህ ሥራዬ ነው። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ዕቃው ከደረሰበት ወይም የግዢው ዝርዝር በጽሑፍ ከተሰጠበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ 14 ቀን ነው። ሻጩ ለመሰረዣ ሊቆርጥ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ትንሹን። ዕቃው ጉድለት ካለበት ወይም ከተነገረው የተለየ ከሆነ ምንም አይቆረጥም። 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ዓሊያ ካደረገ 5 ዓመት ያልሞላው ደግሞ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል፤ ግን ግዢው ላይ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ ነው፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት በመጻጻፍ ቢሆንም። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሲያዙላችሁ ከተቻለ በእናንተ ስም ይሁን፣ ከሻጩም ጋር ተነጋገሩ። ሰርዙ ስትሉ በቃል ብቻ አትቅሩ፤ በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። ፓንቸሪያው ደጃፍ ቆማችሁ ከገዛችሁ ግን ይህ የሩቅ ግዢ መብት የለም።

ጎማው መኪናው ላይ ታስሮ ከተነዳ በኋላ ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ ከየትም ይምጣ፣ ከመገጠሙ በፊት «ቆይ» በሉና ልኩንና አራቷን ቁጥር ተመልከቱ። ርካሽ የተባለው ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ የቆየ ሊሆን ይችላል። ሁለት ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ብዙ ሰው መሪው ያለበት ከፊት ነው የሚያስገባው፤ በዝናብ ግን የኋላው ሲንሸራተት ነው መኪናው ዞሮ የሚጠፋው። ከተገጠመ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ የቸርኬው ብሎን ጠብቆ እንደሆነ ይታይላችሁ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰፈራችሁ የሚታመን ፓንቸሪያ ካለ እሱን አትተዉት። አርብ ከሰዓት ጎማ ሲፈነዳ ኢንተርኔቱ አይደርስም፤ ያ ሰው ግን ሱቁን ሊዘጋ ሲል ቆሞ ይሠራላችኋል። ኢንተርኔቱን ዋጋ ለማወቂያ ተጠቀሙበት። የሚታመን ሰው ከሌለ ወይም ልዩነቱ ብዙ ከሆነ፣ መግጠሚያው ዋጋው ውስጥ ካለበት፣ እዚሁ አገር ካለ ሻጭ ይታዘዝ። ያገለገለ ጎማ ግን ከማንም አትግዙ፤ ምን እንዳለፈበት አይታወቅም። በአገር ቤት ያረጀ ጎማ በርባሶ ይሆን ነበር፣ ለእግር ይበቃል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን አይበቃም።

ታሽሉሚምን በተመለከተ፣ 1,280 ሼቄል በአሥር ሲከፈል 128 ነው፣ ቀላል ይመስላል። ግን የፍሪጁ አለ፣ የልጅ ሠርግ ስጦታው አለ፣ የመኪና መድኑ አለ። «ቢሊ ሪቢት?» ብላችሁ ወለድ እንደሌለው ጠይቁ፣ ከዚያም በወሩ የሚወጣውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ደምሩት። ከጡረታው በላይ ከሄደ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ እኛ ኑ፤ ከፈረማችሁም በኋላ ቢሆን ኑ።

ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ማየት የሚፈልግ እዚሁ ሞዓዶን ኮምፒውተሩ ላይ አብረን እናያለን፤ ካርድ አታምጡ፣ ያን ቀን የምናየው ዋጋ ብቻ ነው። ሪሽዮን ሬኬቩንና መነጽራችሁን ግን ይዛችሁ ኑ።