ማስተርስ ለመማር ያሰባችሁ፣ ማደሪያውንም አብራችሁ አስሉ

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ያለችን የእረፍት ቀን አንዲት እሁድ ናት። እሷን ትታችሁ እኔን ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኮሚቴው ትምህርት ስለመቀጠል እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እዚህ ቤይሩት ውስጥ ስንቶቻችን ዲግሪ ይዘን እንደመጣን ነው። ከመካከላችን አካውንቲንግ የተማረች አለች፣ ነርስ የነበረች አለች፣ ስታስተምር የቆየች አለች። ማዳም ቤት ይሄንን ማንም አይጠይቀንም። ወረቀቱ ግን አለ፤ እናታችን ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ዛሬ የምናገረው አገር ቤት ገብተን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ላሰብነው ነው። እኔም አንዷ ነኝ። ፈጣሪ ከፈቀደ ኮንትራቴ ሲያልቅ እገባለሁ። ለዚሁ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ስጠይቅ፣ ስጽፍ፣ ስደምር ከርሜያለሁ። ያገኘሁት ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤቱንና ማደሪያውን ለየብቻ አትምረጡ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፣ ይመዘገባል፣ ቤት መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ደሞዝ ያለው ሰው እንደዚያ ቢያደርግ ችግር የለውም። የእኛ ገንዘብ ግን መሀል ላይ ካለቀ የሚተካው በሌላ ኮንትራት ነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ እዚህ ሆናችሁ ልትጨርሱት የምትችሉት ነገር ነውና። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማርን የወጪ መጋራት ዕዳ አለብን። እሱ ካልተከፈለ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ማግኘት ያስቸግራል። ከተመረቅን በኋላ ብዙም ሳንሠራ የተሰደድን ስለሆንን አብዛኞቻችን አልከፈልነውም። የተማራችሁበት ሬጅስትራር ሰው ልካችሁ ስንት እንደቀረባችሁ አስጠይቁ። ለዚህ ውክልና ካስፈለገ እዚሁ ቆንስላችን ታስጽፋላችሁ። ግን «ለትምህርት ማስረጃ ጉዳይ» ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ። ጠቅላላ ውክልና ለዘመድም ቢሆን አትስጡ።

ሁለተኛው ስም ነው። ደላላ ፓስፖርት ሲያወጣልን ስማችን ወይም ዕድሜያችን የተቀየረብን አለን። ዲግሪው ላይ ሌላ ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ስም ከሆነ ምዝገባው ላይ ትያዛላችሁ። ስም ማስተካከል ፍርድ ቤት ሊያስኬድ ይችላል፤ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ቀደም ብሎ መግባት ነው። የመግቢያ ፈተናም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አምጥቷል፤ ተማሪዎች ጋት ይሉታል። እሱን ሳታልፉ ገንዘብ የትም አትክፈሉ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የግል ኮሌጅ ከሆነ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይሄ የትምህርት ዓይነት፣ በማስተርስ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ ፈቃድ አለው ወይ?» ሦስቱንም አንድ ላይ ጠይቁ። ኮሌጁ ለመጀመሪያ ዲግሪ ፈቃድ አለው ማለት ለማስተርስም አለው ማለት አይደለም። መገናኛ ላይ ፈቃድ ቢኖረው ሌላ ቦታ ለከፈተው ቅርንጫፍ አይሠራም። መልሱን ከኮሌጁ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ።

የመንግሥት ከሆነ ደግሞ ካምፓሱን ጠይቁ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልማር ነው» ማለት ለቤት ፍለጋ ምንም አይነግራችሁም። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ነው፣ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ሰንጋ ተራ፣ ጤናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ጭራሽ ቢሾፍቱ ነው። ሰንጋ ተራ የምትማር ልጅ ሽሮ ሜዳ ቤት ብትከራይ ምን ይረባታል?

ቀጥሎ የትምህርቱን ሰዓት። መደበኛ ነው፣ የማታ ነው፣ ወይስ ቅዳሜና እሁድ? ይሄ ቤቱን ይወስናል። የማታ ተማሪ ከክፍል የምትወጣው ከመሸ ነው፤ ታክሲ ላይ ሰልፍ አለ፤ ብዙ አከራዮች ደግሞ ግቢያቸውን በጊዜ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቤት ስታዩ ከኪራዩ እኩል «በር የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው?» በሉ። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራቱ በራሱ ቆጣሪ ነው ወይስ በጋራ? መጸዳጃውን ስንት ሰው ይጠቀማል? እነዚህን መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን አብረን እንደምር። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የዛሬውን ዋጋ እናንተ ጠይቃችሁ አስገቡበት። ግቢው አጠገብ ያለ ክፍል 6,000 ብር ነው እንበል። ሩቅ ያለው 4,000 ብር። 2,000 ተረፈኝ ትላላችሁ። ከሩቁ ቤት በቀን ለታክሲ 80 ብር ብታወጡ፣ በወር 24 ቀን ብትመላለሱ 1,920 ብር ሆነ። ያተረፋችሁት 80 ብር ነው። እሱን ለማትረፍ በየቀኑ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ታጠፋላችሁ። ያ ሰዓት እኮ የማንበቢያ ሰዓታችሁ ነው።

ሌላው ደግሞ ሁለት ዓመት የተባለው በመመረቂያ ጽሑፍ ምክንያት ሊረዝም ይችላል። ስድስት ወር ጨምራችሁ በ30 ወር አስሉ። በ6,000 ብር 30 ወር 180,000 ብር ነው። ይሄን ከትምህርት ክፍያው አጠገብ ጻፉትና ከቁጠባችሁ ጋር አስተያዩት። ካልበቃ ሕልሙ ቀረ ማለት አይደለም። ወይ ደባል ትይዛላችሁ፣ ወይ ከተማ ትቀይራላችሁ።

ስለ ደባል ለእኛ ማንም አያስተምረንም። ዶራና ቡርጅ ሐሙድ አንድ ክፍል ለአምስት ለስድስት ተከራይተን የኖርን ሰዎች ነን። ማን ቀድማ ትከፍላለች፣ ጋዝ ማን ታስሞላለች፣ እንግዳ ያድራል ወይስ አያድርም፣ ይሄ ካልተነጋገሩበት ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ያንኑ እዚያም በወረቀት አስፍሩት። ደባል ፈላጊ ተማሪዎች ግቢው በር አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ የደላላ ኮሚሽን ያድናችኋል።

ከተማ መቀየር ስል ደግሞ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ማስተርስ አለ። ቤተሰባችሁ እዚያ ካለ ኪራዩ ቀረላችሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትቀየሙኝ። ከዐረብ አገር የገባች ልጅ ቤተሰብ ቤት ስትቀመጥ እንግዳው አያልቅም፣ ተበዳሪውም አያልቅም፣ የወጥ ቤቱ ሥራም ዞሮ እሷው ላይ ይወድቃል። ቤተሰብ ጋር የምትገቡ ከሆነ የጥናት ሰዓታችሁን ከአሁኑ በስልክ ተነጋገሩ። የትምህርቱንም ብር ለቤት ከምትልኩት ለይታችሁ በራሳችሁ ስም ባንክ አስቀምጡ።

ስለ ኪራይ ሕጉ ደግሞ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ብዙዎቻችን የምናውቀው የስድስት ወር አምጪ የሚባለውን ዘመን ስለሆነ ይሄ አዲስ ሊሆንብን ይችላል። ሁለት ዓመት ማለት ደግሞ ያው የማስተርስ ዕድሜ ማለት ነው። ውሉን ወረዳ አስመዝግቡ፤ ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፤ ማስረጃ ይሆናችኋል።

የምታውቁትን ሰፈርም ዳግም አስጠይቁ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሷል። «አክስቴ እዚያ ክፍል ታውቃለች» የምትሉት ቤት ላይኖር ይችላል። ከዚህ ሆናችሁ ያላያችሁትን ቤት አትያዙ። የምታምኑት ሰው ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ ሄዶ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ካልተቻለ የመጀመሪያውን ወር ዘመድ ጋር አርፋችሁ በእግራችሁ ፈልጉ።

እኔ ፈተናውን ገና አልተፈተንኩም። ላላልፍም እችላለሁ፤ እሱንም አስልቼበታለሁ። ካላለፍኩ የተከፈለ ምዝገባ የለም፣ የተያዘ ቤት የለም፣ ገንዘቤ ባንክ ነው፤ ሥራ እየፈለግኩ በሚቀጥለው እፈተናለሁ።

ከሻይ በኋላ ደብተሬን ይዤ እዚያ ጥግ እቀመጣለሁ። ወጪ መጋራት ያልከፈላችሁ፣ ስማችሁ የተለያየባችሁ፣ ልትገቡ ያሰባችሁ ኑና አብረን እንጻፍ። በመጪው ሳምንት ደግሞ እያንዳንዳችሁ አገር ቤት ደውላችሁ አንድ ነገር አስደርጉ፦ ያቺ ሳጥን ትከፈት፣ ዲግሪው በፎቶ ይላክላችሁ፣ ስሙ ከፓስፖርታችሁ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ እዩ።