ቁንጭር፦ ሕመም የሌለው ቁስል



ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው በብዙ ደጋማ አካባቢዎቻችን ስለሚታወቀው የቁንጭር በሽታ ነው። ቁንጭር ብዙውን ጊዜ ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ከንፈር አካባቢ እንደ ብጉር ይጀምራል። ስለማያም ችላ እንለዋለን። ወራት ሲያልፉ ግን ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ ቅርፊት ይይዛል።

ይህን ጊዜ ገሚሱ «ዓይን ነው»፣ ገሚሱ «የሌሊት ወፍ ነው» ይላል። ሥጋ ደዌ መስሎት የሚሸሽም አለ።

እውነታው ሌላ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። በአገራችን በሽኮኮ አካል ውስጥ ይኖራል። ወደ ሰው የምታደርሰው ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ በዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ የምትጠለል፣ በምሽትና በሌሊት የምትነክስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ስለዚህ በገደል አጠገብ ባሉ መንደሮች ይበዛል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ሶፍ በመቆም አይተላለፍም።

ቁንጭር መሆኑን የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው። ባለሙያው ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል። ተውሳኩ በመጀመሪያው ባይገኝ እንኳ ምርመራው ሊደገም ይችላል። ትንሽ ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም እዚያው ላይ በሚወጋ መድኃኒት ይታከማል። ለሰፋ ወይም አፍንጫ ውስጥ ለገባ ቁስል በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀናት ይወስዳል። መርፌው ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒትም አለ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳን ያብሳል እንጂ አያድንም።

ወንድሞችና እህቶች! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ሩቅያና ዱዓ ሰበብ ከማድረስ አያግዱም፤ እያደረግናቸው ሐኪም ዘንድ እንሂድ።

28 ቀን ከእርሻና ከከብት ርቆ ከተማ መቆየት ለድሃ ከባድ ነው። ብዙው ሕክምናውን የሚተወው ወይም የሚያቋርጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ጀማዓው ማሳውን ይረምለት፣ ስንቁን ይቋጥርለት፣ ልጆቹን ይጠብቅለት። ፊቷ የቆሰለ ልጅንም ከመድረሳ አናስቀራት፤ ሰዎች ከሸሿት ቤት ትደበቃለች፣ ከተደበቀችም ሕክምናው ይዘገይባታል።

አላህ (ሱ.ወ) ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን። አሚን።