እውነተኛ ድንጋይ በሐሰተኛ ቦታ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ጠበብ ያለ ይመስላል፦ ጥንታዊ የድንጋይ ፍላጻ ጫፍ ከዘመናችን ቅጂ በምን ይለያል? ነገር ግን ከእናንተ መካከል ገጠር የሚያስተምር አለ፤ መንገድ የሚቀይስ አለ፤ መስኖ የሚያስቆፍር አለ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በገበዝ ማርያም ገጠር አንድ ተማሪ ወይም ገበሬ ስለታም ባልጩት ይዞ «ይኼ ምንድን ነው?» ቢል፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እናንተን ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው፣ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በክልላችን፣ መተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ ሥፍራ አለ። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን ውጤቱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳትሟል። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ይገኙበታል፤ ተመራማሪዎቹ ለቀስት የሚስማሙ ናቸው ብለዋል። ዕድሜያቸው 74,000 ዓመት ገደማ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? የድንጋዩን መልክ በማየት ብቻ አይደለም። በዚያው የአፈር ንጣፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ መስታወት ስብርባሪዎች ተገኙ፤ ኬሚካላዊ ይዘታቸው ሲመረመር በኢንዶኔዥያ ከፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመ። ልብ በሉልኝ፣ ድንጋዩን ያስመሰከረለት አፈሩ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ።

አንደኛው የድንጋዩ ቆዳ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመት አፈር ውስጥ የኖረ ባልጩት ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ይለወጣል፣ ስንጥሩ ይለዝባል፣ አንዳንዴም የኖራ ቅርፊት ይይዛል። ትናንት የተፈለፈለው ግን ስለቱ ጥሬ ነው፣ ስንጥሩም ትኩስ ነው። ለውጡ በሁለቱም ገጽ፣ በእያንዳንዱ ስንጥር ጉድጓድ ውስጥ መኖሩን በአጉሊ መነጽር እዩ። ሆኖም ማረሻ የመታው እውነተኛ ድንጋይም ጠርዙ ላይ አዲስ ስብራት ይኖረዋል። ስለዚህ አንድ ትኩስ ስብራት አይታችሁ «ሐሰት ነው» አትበሉ።

ሁለተኛው የመሣሪያው አሻራ ነው። የዛሬ ቅጂ ሠሪዎች ብዙዎቹ ጠርዙን የሚያስተካክሉት ጫፉ መዳብ በሆነ ወስፌ መሰል መሣሪያ እየተጫኑ ነው፤ አንዳንዴ የብረቱ ጭረት ድንጋዩ ላይ ይቀራል። በመጋዝ ከተቆረጠ ድንጋይ የጀመሩም አሉ፤ ያኔ ልሙጥ፣ ቀጥ ያለ ገጽ ይገኛል። ጥንት የድንጋይ መጋዝ ማሽን አልነበረም።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። ብዙዎቻችን ፍላጻ ሲባል የምናስበው ወገቡ ግራና ቀኝ የተነቀሰውን ነው። ያ በሰሜን አሜሪካ የታወቀው ዓይነት ነው። በአገራችን የምናገኛቸው በአብዛኛው ባለ ሦስት ማዕዘን ወይም ቅጠል መሰል ጫፎች ናቸው፤ በኋለኛው የድንጋይ ዘመን ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው፣ እንጨት ላይ የሚገጠሙ ጥቃቅን ስለቶች ይመጣሉ። እነዚህን ብዙ ሰው ረግጧቸው ያልፋል እኮ! የሚያምረው ሁልጊዜ እውነተኛው አይደለም።

አራተኛው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚገኘው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ኦብሲዲያን፣ ከተሰነጠቀበት ቀን ጀምሮ ከአካባቢው ውኃ እየመጠጠ ስስ ንብርብር ይሠራል። ንብርብሩ በማይክሮስኮፕ ይለካል፤ የትናንቱ ቅጂ ግን ለመለካት የሚበቃ ንብርብር አይኖረውም።

ይህ ሁሉ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አታላዮች ድንጋይን በአሲድ ያጥባሉ፣ ከአሸዋ ጋር ያንከባልላሉ፣ ይቀብራሉ። ደግሞም አዲስ የሆነ ሁሉ ሐሰት አይደለም። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ እናቶች ባልጩት እየፈለፈሉ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በዚህ በእኛ ዘመን መዝግበዋል። የእነርሱ መፋቂያ አዲስም ነው፣ እውነተኛም ነው። ሐሰት የሚሆነው የ10,000 ዓመት ነው ተብሎ የተሸጠ ዕለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጃፓን ውስጥ ሺኒቺ ፉጂሙራ የተባለ ሰው እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ በማግኘት ስሙ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የማይኒቺ ጋዜጣ ሰዎች ራሱ ሲቀብር በካሜራ ያዙት። ነገሩ የሚገርመው፣ ድንጋዮቹ ቅጂ አልነበሩም፤ ከሌላ ቦታ የመጡ የእውነት ጥንታዊ መሣሪያዎች ነበሩ። ሐሰቱ ቦታቸው ነበር። በእርሱ ግኝት ላይ የተመሠረቱ የትምህርት መጻሕፍት መታረም ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይኼ ነው፦ ፉጂሙራ በተንኮል ያደረገውን እኛ በቅንነት እናደርገዋለን። አንድ ጥሩ ጫፍ ከማሳ አንስተን፣ አጥበን፣ ኪሳችን ከትተን፣ ከዓመት በኋላ «ለዩኒቨርሲቲዬ ስጦታ» ብለን ስናመጣ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚናገረው የእኛ ትዝታ ብቻ ይሆናል። ከቅጂ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ማን ይመሰክርለታል?

ስለዚህ አደራዬ አጭር ነው። ድንጋይ ካያችሁ አታንሱት፤ አትጠቡት፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው አፈር ማስረጃ ነው። አጠገቡ ብዕር ወይም ሳንቲም አስቀምጣችሁ ለመጠኑ መለኪያ እንዲሆን ፎቶ አንሱ። የስልካችሁን ጂፒኤስ፣ የጎጡን ስም፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ጻፉ። ያገኘውን ገበሬም ጠይቁ፤ አብረውት የወጡ ስንጥሮች፣ አጥንት፣ ከሰል ነበሩ? ከዚያ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ይህ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በመንገድ ሥራም ሆነ በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። መሐንዲሶቻችን፣ ይህን አንቀጽ ለፎርማኖቻችሁም ንገሯቸው።

የሚገዛ ካቀረቡላችሁም አትግዙ። ሐሰት ከሆነ ገንዘባችሁ ይባክናል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ እንዲቆፈር ከፍላችኋል ማለት ነው።

ለመማሪያ ክፍላችን ግን ቅጂ አምጡልን! ከሥሩ «ቅጂ» ብለን፣ የሠራውን ሰው ስምና ዓመቱን ጽፈን እናስቀምጠዋለን፤ ተማሪዎቻችንም በእጃቸው እየዳሰሱ ይማሩበታል። እውነተኛውን ካገኛችሁ የምንለምናችሁ አድራሻውን ነው፤ እኛ ወደ እርሱ እንመጣለን።